በስተቀኝ የሚመታው ማንኪያ

ሰኔ 3፣ ማታ

ጻፊ።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ምራቴ ናት። መሥሪያ ቤቷ የጆሮ መሞከሪያ ወንበር አለ። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሰማ፣ ከየት በኩል እንደሰማ በየጊዜው ያሰፍራል አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም፤ ፊደል የቆጠሩትም የጠጡት እኔ ቆፍሬ ያወጣሁትን ውሃ ነው። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ባለቤቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ትጽፋለች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሥራ ያልፈታው እጇ ብቻ ነው። ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ጻፊ ብያታለሁ።

ሳቀች። እሱንም ጻፊው።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው እሑድ ነው። በረንዳ ላይ ፊቴን ወደ ግቢው አዙሬ የዶማ እጀታ እጠርባለሁ። እንደዚያ ስቀመጥ የእሷ መስኮት በግራዬ፣ የአጥሩ በር በቀኜ ነው። እሷ ስትፈልገኝ የአልጋውን ብረት በማንኪያ ትመታለች፤ ድምጿ ደክሟል። መታች። ሰማሁ። አልሰማም የሚል ካለ ውሸታም ነው። ሰምቼ ተነሳሁና የአጥሩን በር ከፈትኩ። ማንም የለም። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ተመታ። ደግሞ ከፈትኩ። መንገዱ ባዶ ነው፣ አንድ ውሻ ብቻ ያየኛል። ተናድጄ ስመለስ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ዱብ አለ። ስገባ እሷ ከአልጋዋ ወርዳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማንኪያው እጇ ላይ ነው።

ልጄ የዚያን ዕለት መጣ። መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ እያንዳንዱን ነገር በሚዛን ያያል። «አባዬ፣ ችላ ብለሃታል» አለኝ።

«ማንን?»

«እማዬን። ስትጠራህ መንገድ ለመንገድ ትዞራለህ።»

ችላ ብለሃታል። ይህን ቃል ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እናቱን ወደ ቤቱ ሊወስዳት ነው። ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ ከከተማው ማዶ። ለእሷ አልጋ አለ፤ ለእኔ የሚተርፈው ወለሉ ነው። እኔ በሰው ወለል ላይ አልተኛም። እሷም ካለእኔ አትሄድም፤ ቢጠይቋት ግን «ልጆቹ እንዳሉት ይሁን» ትላለች፣ አውቃታለሁ።

(አልልም ብላለች። ጻፊው።)

እኔም አልኩት፦ «ሚስትህ የጆሮ ወንበር አላት አይደል? እቀመጥበታለሁ። ጆሮህ ወድቋል ካለችኝ እናትህን ውሰድ። ካላለች ይህን ነገር ዳግመኛ በዚህ ቤት እንዳላነሳህ።» ተስማማ። እስከ ክረምቱ መውጫ።

ሰኔ 8፣ ማታ

ዛሬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ክፍሉ ከላይ እስከ ታች የሾለ ስፖንጅ ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያውም። ወለሉ የሽቦ መረብ፣ ከመረቡ በታች ደግሞ ሌላ ስፖንጅ። ሰው አየር ላይ ይቆማል። በሩ ሲዘጋ የገዛ ራሴን ሳል ሰማሁት፤ ከአፌ ሳይርቅ ሞተ። ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ድምፅ ይመለሳል፤ ግድግዳው ይመልስልሃል፣ ብቻህን አይደለህም። እዚያ ግን የሚመልስ የለም። የራሴን ደም ሰማሁ። የሚሄድ ነገር ነው፣ እንደ ጠባብ ቦይ ውሃ።

ምራቴ ጆሮዬ ውስጥ ጤፍ የምታህል ማይክሮፎን ከተተች። ከዚያ እንደ ወፍ የሚያፏጭ ድምፅ ከየአቅጣጫው ለቀቀችብኝ። ቀጥሎ ጆሮዬን ሮዝ በሆነ ሊጥ ሞልታ፣ ሲደርቅ ነቅላ ወሰደችው። «የጆሮዎ ቅጂ ነው አባባ» አለች። የእያንዳንዱ ሰው ጆሮ እጥፋቱ ለየብቻው ነው፤ ድምፅ ከላይ ይምጣ ከኋላ የምናውቀው በዚያ እጥፋት ነው አለችኝ።

«እስኪ ቅጂው እስኪዘጋጅ በሌላ ሰው ጆሮ ያዳምጡ» ብላ ማዳመጫ ደፋችብኝ። የበር ማንኳኳት ነው። ከየትም አልመጣም። ራሴ ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ ጆሮዎቼ መሐል፣ ከዓይኔ በስተኋላ የሆነ ሰው በር ያንኳኳል።

«ይህ የማን ጆሮ ነው?»

«የማያውቁት ሰው ነው አባባ።»

ረፋዱን ሁሉ በማላውቀው ሰው ጆሮ ስሰማ ዋልኩ። እሱስ አሁን በማን ይሰማ ይሆን።

ሰኔ 10

ምንም አልሰማሁም። ጸጥታ። ሁለት ጊዜ የአጥሩን በር ከፈትኩ፤ ለአየር።

ሰኔ 15፣ ማታ

ዛሬ በራሴ ጆሮ ነው። ማለት በቅጂው።

ከወንበሩ ሳልነሳ ቤት ታስገባኛለች። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባችኝ፣ ግድግዳው ትከሻዬን ሲነካው ተሰማኝ። እጄን ዘረጋሁ፣ ግድግዳ የለም። ከዚያ አዳራሽ ነው አለች፤ ሰፋ፣ ጣሪያው ወደ ላይ ሄደ። ወንበር የሚጎትት ሰው አለ፣ ራቅ ብሎ። ጨለማ ነው፣ ሁሉም የውሸት ነው፣ ግን ሰውነት ያምናል።

ከዚያ የእግር ኮቴ መጣ። በቀኜ፣ ትንሽ ከኋላዬ ቆመ። የሚተነፍስ ነገር ነው። ያመልክቱ ስላለች አመለከትኩ። ከዚያ ጭንቅላቴን አዞርኩ፤ ሰው ከኋላው ሲቆም ዞር ማለት ነው። እሱም አብሮኝ ዞረ። አሁንም በቀኜ ከኋላዬ ነው። ደግሞ ዞርኩ። ደግሞ ዞረ። እንደ ጥላ አይደለም፤ ጥላ እንኳ ፀሐይ ሲዞር ይቀድምሃል።

«ማሽንሽ ተበላሽቷል» አልኳት።

«ይቅርታ አባባ፣ የጭንቅላትዎን እንቅስቃሴ የሚከተለው ነገር ጠፍቶ ነበር። አሁን በርቷል። አሁን ቢዞሩ እሱ ባለበት ይቀራል።»

ዞርኩ። በቀኜ ነው።

«አሁንም ተበላሽቷል።»

በማዳመጫው ውስጥ የኮምፒውተሯን ቁልፎች ሰማኋቸው። እነሱም በቀኜ ነበሩ።

ዕድሜ ልኬን የድንጋይ መብሻ ማሽን በግራ ትከሻዬ ደግፌ ዓለት የሰነጠቅኩ ሰው ነኝ። ሌሎቹ ቆፋሪዎች ታች ሲወርዱ ገመድ ከእጃቸው አንጓ ጋር ያስሩ ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ጩኸት ይድፈነፈናልና ከላይ ካለው ሰው ጋር በገመድ ይነጋገራሉ። አንዴ መሳብ ና፣ ሁለቴ መሳብ ደህና። እኔ አላሰርኩም። ገመድ የደካማ ነው፣ እኔ ጆሮ አለኝ እል ነበር። እስካሁንም እላለሁ።

ሰኔ 17

በሩ ተንኳኳ። ማንም የለም።

ሰኔ 18

ሁለቴ። ማንም የለም።

ሰኔ 21

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ለልጇ ስትናገር ሰማኋት። «ሽማግሌው ማንን ነው እንዲህ በር ከፍቶ የሚጠብቀው?» አለች። ማንንም አልጠብቅም። በር የራሴ ነው፤ ስፈልግ እከፍተዋለሁ፣ ስፈልግ እዘጋዋለሁ።

ባለቤቴ ዛሬ ራሷን ችላ ውሃ ለመቅዳት ሞክራ ብርጭቆ ሰበረች። ብትጠሪኝ ምን አለበት አልኳት። «ጠርቼህ ነበር» አለች። ከዚያ «አይ፣ አልጠራሁህም» አለች። የቱን ልመን።

ሰኔ 29

ይህን ገጽ የሚጽፈው ጸጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ ሳይኖር። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል ይላል፤ ለእኔ ሁሉም ያው ነው። ባለቤቴ እንድትሰማው ያልፈለግኩት ነገር ስላለ ነው።

ዛሬ ምራቴ ሌላ ዓይነት ሙከራ አደረገች። ድምፅ በመጣ ቁጥር ጫፉ የሚያበራ በትር ወደ መጣበት አዞራለሁ። ፈጥኜ ጨረስኩ። ሲያበቃ ወደ ውስጥ ገባች፣ በሽቦው መረብ ላይ ከጎኔ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንዳንዴ ምንም ድምፅ አልለቀቅኩም። ሆን ብዬ። ያኔም አመልክተዋል።»

«የት?»

«ሁልጊዜ አንድ ቦታ። በቀኝ፣ ከኋላ፣ ዝቅ ብሎ። ወደ መሬት።»

«ድምፅ ነበራ።»

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ማንኪያ ብረት ሲመታ።»

እጄን ይዛ ከመረቡ አሻገረችኝ፤ እኔ ራሴን ችዬ መሻገር እችል ነበር።

ጸጉር አስተካካዩ «ይህንንም ልጻፈው?» ይላል። ጻፈው። የሰውዬው ምላስ ከምላጩ ይስላል፤ ስነግረው እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ እኔ ሐሜት ሲኖረኝ በግራዎ ዞሬ ነው የማወራው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።»

ሌላ ጸጉር አስተካካይ እፈልጋለሁ።

ሐምሌ 1

ወደ እሷ ተመልሰናል። ደብተሩን ሰጠኋትና አንድ ገጽ ዝለይ፣ የምላጩ ሰውዬ የጫረው ነው፣ እንዳታዪው አልኳት። «አላየሁም» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለች። ዛሬ በዚህ ቤት ሽንኩርት የላጠ የለም።

ሐምሌ 2

በረንዳ ላይ ያለውን ወንበሬን አዙር አለችኝ። ጀርባዬን ለግቢው፣ ፊቴን ለቤቱ ግድግዳ ሰጥቼ እንድቀመጥ ነው የምትለው።

«ግድግዳ ምን ያሳየኛል?»

«ፀሐዩ ዓይንህን ይወጋሃል።»

ክረምት ነው፤ ፀሐይ ካየን ሰንብተናል። ግን የታመመ ሰው አይከራከሩትም፤ አዞርኩት። አሁን የእሷ መስኮት በቀኜ ሆነ።

ሐምሌ 9፣ ማታ

ይህን ረዘም አድርገሽ ጻፊ፤ ልጄ አንድ ቀን ያነበዋል።

ጆሮዬ እንደ ድሮው ነው። ከሰኞ ጀምሮ በማንኪያ በመታች ቁጥር ደርሻለሁ። ብረቱ ገና ሳያባራ በሯ ላይ ነኝ። ትራስ ስትል ትራስ፣ መድኃኒት ስትል መድኃኒት። የጠፋው ድምፅ ተመልሶ ቤቱ ገባ። የአጥሩን በር መክፈት ትቻለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ ሌላ ወሬ ትፈልግ።

አንድ ነገር ብቻ። አንዳንዴ ሰምቼ ስገባ እሷ አይኗን ከድና ነው የማገኛት። ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጇ ርቆ። «ጠራሽኝ?» እላታለሁ። ትንሽ ታስብና «አዎ፣ ውሃ» ትላለች። ውሃ አመጣላታለሁ። አትጠጣውም። ዛሬ ጠረጴዛዋ ላይ ሞልተው የቆሙ ብርጭቆዎች አየሁ፤ ከዳር እስከ ዳር፣ አንዳቸውም አልተነኩም። መስኮቱን ነፋስ ሲመታው ውሃው ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ለምን አትጠጪውም አልኳት። «ይጠማኛል ብዬ ነው» አለች።

ሆድ ይፍጀው።

ሐምሌ 19

ዝናብ። ልጄ መጣ። በኋላ እናገራለሁ።

ሐምሌ 19፣ ማታ

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ፊቴ ወደ ግድግዳው። በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ድንገት ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። ቀዝቃዛ፣ ውሃ የሚንጠባጠብ። ዶማውን ይዤ ብድግ አልኩ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር።

ልጄ ነው። ከራሱ እስከ እግሩ በስብሷል። በሩን ሲደበድብ ቆይቶ፣ ሲጣራ ቆይቶ፣ አጥር ዘሎ ነው የገባው። እኔ ግን ዓለት ሆኜ ተቀምጫለሁ።

«አባዬ፣ ሌባ ብሆንስ? ከጎንህ ቆሜ እኮ ነው የጠራሁህ። ከጎንህ።»

«በየት በኩል?»

ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም። ልጄ ፊቱን ወደ እናቱ መስኮት አዞረና «የክረምቱን መውጫ አልጠብቅም፤ ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ። «ንቀህ ነው ወይስ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ስጠይቅህ እሰማለሁ ትላለህ፤ ስጠራህ አትመጣም።»

ንቀህ ነው አለኝ። የወለድኩት ልጅ።

እሷ ይህን ስትጽፍ እጇ ቆመ። ቀጥዪ።

በቀኙ ቢጠራኝ ኖሮ እሰማው ነበር። ይህን አትጻፊው።

ሐምሌ 21

ልብሷን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። መልሼ አወጣሁት። ለምን ታወጣዋለህ አለች። ያልደረቀ አለ አልኳት።

ሐምሌ 22፣ ማታ

ምራቴ ብቻዋን መጣች። ቅርጫት ይዛለች፤ የሆነ ነገር በፎጣ ተሸፍኗል። ስትገልጠው የሰው ራስ ነው። የጎማ። ፀጉር የለውም፣ ዓይን የለውም፣ አፍንጫው የሁሉም ሰው አፍንጫ ነው። ጆሮው ግን የእኔ ነው። የራሴን ጆሮ አውቀዋለሁ፤ የተቀደደው ጫፍ፣ ልጅ ሆኜ ፍየል የነከሰችኝ፣ እሱ ሳይቀር አለ።

«መላጣው እንለዋለን» አለች። ልታስቀኝ ፈልጋ ነው።

ወንበሬን እንደ ድሮው መለሰችው፣ ወደ ግቢው። መላጣውን እኔ በምቀመጥበት ቦታ፣ በእኔ ቁመት አቆመችው። ጆሮዎቹ ውስጥ ማይክሮፎን አለ። ከዚያ ለባለቤቴ «እማማ፣ አባባን እንደሚጠሩት ይጥሩት» አለቻት። እሷም መታች። እኔ ጓሮ ሄጄ ቆምኩ። ከጓሮ ሆኜ በመስኮቱ በኩል አየሁት፤ የእኔን ጆሮ የለበሰ ራስ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሚስቴ ስትጠራው ይሰማል። አይነሳም። እንደዚያ ነው የምመስለው ማለት ነው።

ልትሄድ ስትል ከቦርሳዋ ሰም አወጣች፤ የመላጣውን የግራ ጆሮ ደፈነችውና እንደገና አስመታች። ለምን እንደደፈነችው አልጠየቅኩም። እሷም አልነገረችኝም። በሩ ላይ «አባባ፣ ነገ ከእኔ ጋር ይመጣሉ?» ብቻ ነው ያለችው፤ በቀኜ ዞራ።

ሐምሌ 23፣ ማታ

ዛሬ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጄ ነው።

ምራቴ ከሥራ ጠርታ ነው ያመጣችው። ከውጭ ባለችው ክፍል ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፣ በጨለማም ታሳያለች። እኔ እዚያ ነኝ። ልጄ ውስጥ ነው፣ ማዳመጫ ደፍቷል፣ በትሩን ይዟል። «አንተ አሁን አባትህ ወንበር ላይ ነህ» አለችው በመነጋገሪያው። «እማማ ስትጠራህ፣ ወዳለችበት አመልክት።»

እሱ የሚሰማውን ለእኛም ድምፁን አነስ አድርጋ ከፈተችልን። ማንኪያው ተመታ። ቤቴን ሰማሁት። የበረንዳውን ጣውላ፣ የጎረቤቱን ዶሮ፣ ሁሉንም።

ልጄ ሳያመነታ በትሩን ወደ ቀኝ አዞረ። ወደ አጥሩ በር።

ደግሞ ተመታ። ደግሞ ወደ በሩ። ሦስተኛው ላይ ከወንበሩ ተነሳ። እንደተነሳ በመረቡ ላይ ወደዚያ ሄደ፣ እጁን ዘርግቶ፣ መቀርቀሪያ እንደሚፈልግ ሰው። በሌለ በር ላይ እጁን አሳረፈ። አየሁት፤ እኔን አየሁት። አካሄዱ እንኳ የእኔ ነው።

«ማንም የለም» አለ ለራሱ።

ምራቴ ቁልፍ ነካች። «አሁን በሁለቱም ጆሮ ነው» አለችው። ማንኪያው ተመታ። ልጄ እንደተደነበረ በሬ ወደ ግራው ዘለለ። እናቱ እዚያ ነበረች፤ ከክንዱ አጠገብ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበረች።

ማዳመጫውን አወለቀ። በሩን ከፍታለት ሲወጣ አላየኝም። ውሃ ካለበት ቦታ ሄዶ ፊቱን ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ።

እኔ ለምራቴ «ማሽንሽ እሱንም አታለለው» አልኳት።

«አዎ አባባ» አለች።

ሐምሌ 24

ቅዳሜ። መኪናው መጣ። ሻንጣው በሩ ላይ ነው። ልጄ ሻንጣውን አልፎ ገባና ከቀኜ ተቀመጠ። መሬት መሬት ያያል።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜያለሁ» አለ። ከዚያ ቆይቶ፦ «አባዬ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሳላችሁ ከላይ ካለው ሰው ጋር በምን ነበር የምትግባቡት?»

«ሌሎቹ? በገመድ።»

«ገመድ አለህ?»

ገመድ አለህ ይለኛል። የጉድጓድ ሰው ገመድ ከሌለው ምን አለው። መጋዘኑን ከፈትኩለት።

ሐምሌ 27፣ ማታ

ሥራው አለቀ። ከእሷ አልጋ ራስጌ በመስኮቱ በኩል ወጥቶ፣ ጣሪያው ሥር በሰቀልኩት መዘውር ላይ ዞሮ፣ ወንበሬ ክንድ ላይ የሚወርድ ገመድ። ስተኛም እንዲሁ፤ ወደ ሳሎኑ አልጋዬ የሚመጣ ሁለተኛ መዘውር አለው። ቀጭን ነው፤ የታመመች እጅ ትስበዋለች። ማሰሪያው አንጓዬ ላይ ነው። ለአጥሩ በር ደግሞ ልጄ ሌላ አሰረ፤ እንግዳ ሲስበው ፊት ለፊቴ የተሰቀለ ቆርቆሮ ይወዛወዛል። ጸጉር አስተካካዩ መጥቶ አየው። «ጋሼ፣ መርከብ መሰሉ» አለ። በቀኜ ቆሞ ነው ያለው። ይቅር ብዬዋለሁ።

ሐሳቡ የኔ ነው።

(የልጁ ነው ብላለች። ጻፊው፣ ግን የኔ ነው።)

ማንኪያውን በራሴ እጅ ወስጄ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ብርጭቆዎቹንም ሰብስቤ ደፋሁ። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሕጉን ተነጋገርን። አንዴ መሳብ፣ ና ማለት ነው። እኔም የሰማሁ ሲመስለኝ አንዴ እስባለሁ፣ ጠራሽኝ ወይ ማለት ነው። ጠርታኝ ከሆነ አንዴ ትመልስልኛለች። ካልጠራችኝ ሁለቴ።

«ካልጠራሽኝ አልጠራሁህም በዪ» አልኳት። «ውሃ አልፈልግም።»

የዚያን ጊዜ እጄን ያዘች። ያን ገጽ አይታዋለች። ከመጀመሪያውኑ አውቄ ነበር።

ነሐሴ 14

ሻንጣው ተፈታ። ልጄ እሑድ እሑድ ይመጣል፤ ገመዱን ስቦ ይገባል እንጂ አይጮኽም።

ምራቴ ደብተሩን ጠየቀችኝ። አልጨረስኩም አልኳት። ጆሮዬ ወድቋል አላለችም፣ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላለችም። እንግዲህ ውርርዱን ያሸነፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ነሐሴ 27፣ ከሰዓት በኋላ

ዝናቡ እያባራ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን ደግፌ በረንዳው ድረስ አወጣኋት፤ በቀኜ፣ ከእኔ ወንበር አጠገብ አስቀመጥኳት፣ ገመዷንም ይዛ። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቤት ውስጥ የለም።

ማንኪያው ይመታል።

በቀኜ፣ ከኋላዬ፣ ዝቅ ብሎ ከመሬት። ብረት ላይ። ስትጠራኝ እንደነበረው፣ ሳትቸኩል፣ እስክመጣ እንደምትጠብቅ ዓይነት። ማንኪያው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጧት አይቼዋለሁ።

«ምን ሆንክ?» አለች።

«ምንም። ጻፊ።»

«አሁን ይመታል?»

«አዎ።»

ብዕሯን አቁማ ጆሮዋን ሰጠች። አንገቷን ወደዚያ ወደ መሬቱ አዘነበለች። ከቆርቆሮው ጠብታ ይወርዳል። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ምን ሰማሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ተመታ። ደግሞ ተመታ።

አልተነሳሁም። አጠገቤ ተቀምጣ እያየኋት ገመዱን አንዴ ሳብኩ። ገመዱ ወደ ላይ ወጣ፣ መዘውሩን ዞሮ፣ በመስኮቱ ገብቶ፣ በባዶው አልጋ በኩል አልፎ ወደ እጇ ተመለሰ። እሷም መጻፏን ሳታቆም በግራ እጇ ሁለቴ ሳበች። አንጓዬ ላይ መጣ።

እሷ አይደለችም። እንግዲህ ይምታ።